ልብን የሚያዳምጠው በር

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። የፊት ገጾቹም አብረው ተገንጥለው ስለጠፉ ርዕሱ ምን እንደነበር፣ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ሙንተሲር ደሴ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቶት ሲመጣ «ስለ ወደፊት ዘመን ነው አሉኝ» ብሎ ለነሲባ አሳያት። መጽሐፉ አንድ፣ ለማንበብ የቸኮሉት ሁለት። እሱ እኩሌታውን መንገድ ላይ ጨርሶት ስለነበር ከመሃሉ ለሁለት ከፈለው፤ የፊተኛውን ለእሷ ሰጥቶ የኋለኛውን ይዞ ሄደ።

«በሚቀጥለው ሳምንት እንለዋወጣለን» አላት፣ ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ።

በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ።

ሙንተሲር ዋጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ነሲባ ቆቦ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በደህናው ጊዜ ከቆቦ ዋጃ ምንም አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ ከተቀመጠ ሰው ጋር የጀመርከውን ወሬ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። መንገዱ ሲዘጋ ግን ዋጃ ከጅዳ ይርቃል። ጅዳ ያለ ሰው ቢያንስ ይደውላል፤ ያን ጊዜ ስልኩም አብሮ ጠፍቶ ነበር።

አባቷ ሐጂ ታሂር ይህን አስቀድመው ተናግረው ነበር። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ በቆቦ ስማቸው የታወቀ፣ ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው ሰው። ሙንተሲር ነሲባን ለጋብቻ በሰው በሰው ሲያስጠይቅ ልጁ የገበሬ ልጅ መሆኑን፣ ከመምህርነቱ ሌላ ምንም እንደሌለው ሰምተዋል። እሳቸው ግን ያነሱት ድህነቱን አልነበረም። «ልጁን አልጠላሁትም። ልጄን ግን ታጣቂ በፈለገ ጊዜ በሚዘጋው መንገድ ማዶ አልድራትም» አሉ። ነሲባ ያኔ ሦስት ቀን አኮረፈቻቸው። መንገዱ ሲዘጋ ግን የምታኮርፍበት ምክንያት ጠፋባት። አባቷ ትክክል ሆኑ፤ የእሳቸው ትክክል መሆን ከመንገዱ መዘጋት ይበልጥ አደከማት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቷ ኡሙልኸይር ስኳር ነበረባቸው።

መጀመሪያ የመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ የቀረ ኢንሱሊን ነበር። ከዚያ ነሲባ ጎብዬም ሮቢትም ያሉ የምታውቃቸውን ባለሙያዎች በእግረኛ አስጠየቀች። ትንሽ ተገኘ። ከዚያ ምንም አልተገኘም። ባዶ መደርደሪያዎችን በጨርቅ ስትወለውል ትውልና ወደ ቤት ስትመለስ እናቷን በረንዳው ላይ ፍራሻቸው ተነጥፎ፣ ፊታቸውን ወደ ዞብል ተራራ አዙረው ታገኛቸዋለች። መብራት የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ስልክ የለም። አንድ ቀን ነሲባ የምታደርገው ብታጣ እኩሌታውን መጽሐፍ አወጣችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

ታሪኩ ስለ አንዲት ከተማ ነው። ከተማዋ በግንብ ለሁለት ተከፍላለች፤ ግንቡ ያለው አንድ በር ብቻ ነው። በሩ ላይ ጠባቂ የለም። በሩ ራሱ ያዳምጣል። ሊያልፍ የመጣው ሰው እጁን በሩ ላይ ያደርጋል፤ ልቡ ረጋ ብሎ ከመታ በሩ ይከፈታል። ከፈራ፣ ከናፈቀ፣ ከተናደደ ወይም ደስ ካለው አይከፈትለትም። ልቡ የሚዘል ሰው አደገኛ ነው ተብሏልና። ስለዚህ የከተማዋ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ምንም እንዳይሰማቸው ይለማመዳሉ። እናቶች ልጆቻቸው ከሚገባው በላይ እንዳይወዷቸው ብለው እሽሩሩ ትተዋል። ሰው ሲሞት «እሺ» ይባላል። አንዲት ወጣት አለች፤ የምትወደው ሰው ከግንቡ ማዶ ቀርቷል። እሱ ጋ ለመድረስ የግድ እሱን በማሰብ መንቀጥቀጧን ማቆም አለባት። በየቀኑ ጥግ ይዛ ትቀመጥና ፊቱን ታስባለች፤ ልቧ እስኪሰለች ድረስ ታስባለች።

ኡሙልኸይር ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩ።

«የወደፊት ዘመን ነው ያልሽኝ?»

«አዎ እማ።»

«የምን ወደፊት? ይሄማ አምና ነው።»

ነሲባ ሳቀች። የእናቷ ነገር ግን ከአእምሮዋ አልወጣም። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ከሩቅ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ቀና ያለ ሰው አላየችም። ሽንኩርት ሻጯ ሚዛኑን እንደያዘች ቀጠለች፤ ገዢውም «ትንሽ መርቂበት» አላት። ነሲባ ራሷም እጇ እንዳልተንቀጠቀጠ አስተዋለች። ኬላ ላይ ከሰው ጋር ተሰልፋ መታወቂያዋን ስታወጣ ሁሉም የለበሰው አንድ ዓይነት ፊት ነበር፤ ያልፈራ፣ ያልጠላ፣ ያልናፈቀ፣ የትም ያልነበረ ሰው ፊት። እሷም ያንኑ ፊት ለብሳለች። መቼ እንደተማረችው አታውቅም።

እኩሌታው መጽሐፍ የሚያልቀው ልጅቷ በሩ ፊት ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ነው። የመጨረሻው መስመር «እጇን በሩ ላይ አደረገችና» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት የለም።

«አለፈች?» አሉ ኡሙልኸይር።

«አላውቅም እማ። ቀሪው ዋጃ ነው።»

እናቷ ዞር ብለው አዩዋት። ዋጃ የሚለውን ስም ስትጠራ ድምፅዋ እንዴት እንደሆነ ሊሰሙ ፈልገው ይመስላል። እጇን ያዝ አደረጓትና «እንግዲያ መንገዱ ሲከፈት ትነግሪኛለሽ» አሉ።

መንገዱ ከመከፈቱ በፊት ሞቱ።

በቀብሩ ቀን ነሲባ አላለቀሰችም። ለቅሶ ለደረሰው ሰው ውሃ አቀረበች፣ ምንጣፍ አስተካከለች፣ የመጡትን አሮጊቶች ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠች። «ጠንካራ ልጅ ናት፤ አላህ ሰብሩን ሰጥቷታል» ተባለ። እሷ ግን ሰብር እንዳልሆነ ታውቃለች። ሰብር የሚያመውን ነገር መቻል ነው። እሷን ያመማት ነገር አልነበረም።

ስልክ የተመለሰ ቀን የቆቦ ሰው በየመንገዱ ቆሞ ይጮህ ነበር፤ የሚያለቅስ፣ የሚስቅ፣ «ማን ልበል?» የሚል። ነሲባ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ ስታስረዳ ስልኳ ጠራ።

«ነሲባ! አለሽ? በአላህ፣ አለሽ?» የሙንተሲር ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

«አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አንተስ ደህና ነህ?»

«እኔማ... እኔ ምን ልሁን። ቤተሰብ ሁሉ ሰላም ነው?»

«እማ ሞተች።»

የሽሮፑን ክዳን መልሳ አጠበቀች።

«ስኳሩ ነው። ኢንሱሊን ጠፋ» አለች፣ መድኃኒት ማለቁን ለደንበኛ በምትናገርበት ድምፅ።

«ኢናሊላሂ... ነሲባ... ምን ልበልሽ? ነሲባ፣ አብሽሪ...»

«እሺ። ደንበኛ ቆሞብኛል። ሰላም ሁን።»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወደ ሽሮፑ ተመለሰች። ማታ ይደውላል ብላ ጠበቀች፤ አልደወለም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም። ጣቷ ስሙ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ምን ብላ ትደውልለት? የጎደላት ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ብትጠየቅ ስሙን አታውቀውም። እሱም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ቀረ ብላ ደመደመች፤ ያንን ስትደመድም አለማዘኗ ግን አስደነገጣት።

ሐጂ ታሂር የኮምቦልቻውን ሰው ጉዳይ ያነሱባት በዚህ መሃል ነው። ረዲ ይባላል፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፣ ቤተሰቡን የሚያከብር፣ ክፉ የማይወራበት። «ኮምቦልቻ መንገዱ አይዘጋም። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው» አሉ ሐጂ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ወደ መሬት እያሸሹ። «እናትሽን ቀበርኩ። አንቺን ደግሞ...» ሳይጨርሱት ተዉት።

«እንዳሉ፣ አባ» አለች ነሲባ።

አባቷ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ሲያዩዋት ቆዩና ሳይመርቋት ተነስተው ወጡ።

* * *

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ ሙንተሲር ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባ።

መጀመሪያ አላወቀችውም። ከስቷል፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ነሲባ ልቧ እስኪዘል ጠበቀች። ድሮ ገና ድምፁን ከበር ስትሰማ የምትይዘው ዕቃ ይወድቅባት ነበር። አሁን ነጭ ጋዋኗን አስተካክላ «ምን ልታዘዝ?» አለች።

ሙንተሲር የተመታ ያህል ወደ ኋላ አለ። ከዚያ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ቀሪውን ይዤልሽ መጣሁ። ልታገቢ ነው ሲሉ ሰማሁ። ሳይጨርሱት መቅረት ደግ አይደለም ብዬ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እማ ነበረች መጨረሻውን የምትፈልገው» አለች ነሲባ። «ለእሷ ነበር የማነብላት። አለፈች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቀሪው ዋጃ ነው አልኳት።»

«አላወቅኩም።»

«እንዴት ታውቃለህ? አንድ ቀን ደውለህ ጠፋህ።»

«እኔ ነኝ የጠፋሁት?» ሙንተሲር ድምፁን ከፍ ካደረገ በኋላ መልሶ ዝቅ አደረገው። «ነሲባ፣ ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ያንቺ አልነበረም። ስለ እናትሽ ሞት ስትነግሪኝ ስለ ሌላ ሰው ዕቃ የምታወሪ ነበር የመሰለኝ። ሰላም ሁን አልሽኝ። ከእኔ የሆነ ነገር ልቧ ውስጥ ቢቀር እንዲህ አታወራኝም አልኩ። ዘጋችኝ አልኩ። ብደውል የማስቸግርሽ መሰለኝ።»

ነሲባ በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። ያስቀመጣት ድንጋጤ አልነበረም፣ ድካም ነው። ለብዙ ወራት የተጠራቀመ፣ እንቅልፍ የማያወጣው ድካም።

«አልዘጋሁህም። ከውስጥ የሚወጣ ነገር አጣሁ እንጂ። ሰው የሚለኝን የምሰማው ውሃ ውስጥ ጠልቄ ይመስል ከሩቅ ነው። ለኮምቦልቻው ሰው እሺ አልኩ። እምቢ ማለት ጉልበት ይፈልጋል፤ እሺ ማለት ግን ምንም አይፈልግም።»

«አሁንስ? ትወጂኛለሽ?»

«አላውቅም። ወላሂ አላውቅም ሙንተሲር። አሁን ስትገባ ልቤን ጠበቅኩት። ዝም አለ። አንተ የመጣኸው ያቺን ነሲባ ፍለጋ ነው፤ እሷ እዚህ የለችም። መጽሐፍህን ትተህልኝ ሂድ።»

ሙንተሲር አልሄደም። የተቆጣም አልመሰለም። ሌላውን ወንበር ስቦ፣ ከእሷ ራቅ ብሎ፣ እንደ እሷው ተልፈስፍሶ ተቀመጠ። ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች «ወልድያ! ወልድያ!» ይላሉ።

«እኔም ደክሞኛል» አለ በመጨረሻ። «አስተምራለሁ፤ ስለ ድምፅ ፍጥነት አስተምራለሁ፣ ልጆቹ ጆሯቸው ሌላ ድምፅ ላይ ነው። እኔም እንደዚያው። የደወልኩልሽ ቀን ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። የነሲባ እናት ሞተች አልኳት። እናቴ እናትሽን አይታት አታውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተነሳች። የት ነው ስላት፣ ለቅሶ ነዋ አለችኝ። መንገዱ ዝግ ነው እናቴ አልኳት። ‹እኛ መሄድ ካልቻልን ለቅሶው እዚህ ይሁን› አለች። ጎረቤት ተጠራ። ግቢያችን ውስጥ ሸራ ተወጠረ። ሰው መጣ ነሲባ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ቆቦ ያለች የልጃችን እናት ናት ይባላል። አባቴ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቆሞ የሩቅ ሟች ሶላት ሰገደላት። ሴቶቹ ስሟን ጠይቀውኝ፣ ‹ኡሙልኸይር፣ ኡሙልኸይር› እያሉ አለቀሱላት። ሦስት ቀን ዋልንላት። አንቺ ሳታውቂ፣ ዋጃ ላይ እናትሽ...»

አልጨረሰውም። ከነሲባ ጉሮሮ የወጣውን ድምፅ መጀመሪያ ሁለቱም ከየት እንደመጣ አላወቁም። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አልቆመላትም። «እማ!» አለች። «እማዬ!» ወንበሩ ላይ እንዳለች ጎንበስ ብላ፣ ጋዋኗን በጥርሷ ነክሳ፣ ትንሽ ልጅ ሆና አለቀሰች። መድኃኒት ሊገዙ የገቡ አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩና የገቡበትን በር ቀስ ብለው ገርበብ አድርገውላት ወጡ። ሙንተሲር አልነካትም፣ አላባበላትም። ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ፣ እግሯ አጠገብ ተቀመጠና አብሯት አለቀሰ።

ካለቀሰች በኋላ የቀለላት ነገር አልነበረም። አመማት። ደረቷን፣ ጭንቅላቷን፣ ዓይኗን አመማት። ሕመሙ ግን የራሷ ነበር።

ፊቷን ታጥባ መድኃኒት ቤቱን ቆለፈች። «ተነስ» አለችው።

«የት?»

«አባ ጋ።»

* * *

ሐጂ ታሂር መጋዘናቸው ደጃፍ፣ በማሽላ ኬሻዎች መሃል ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ከወንድ ጋር በአደባባይ ስትመጣ ሲያዩ ግንባራቸው ተቋጠረ። ሙንተሲር ጎንበስ ብሎ «አሰላሙ አለይኩም ሐጂ» አለ። «ወአለይኩም ሰላም» አሉ በቀዝቃዛ ድምፅ፣ ከዚያ ግን የነሲባን ፊት አዩት። ያበጠ ዓይኗን፣ የቀላ አፍንጫዋን።

«አለቀሰች?» አሉ፣ ጥያቄው ለማን እንደሆነ ሳይለይ።

«አዎ ሐጂ» አለ ሙንተሲር።

ሐጂ የሚቆጥሩትን ሙስበሃ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «አልሐምዱሊላህ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እየፈራሁ ነበር» አሉ።

«አባ» አለች ነሲባ፤ ድምፅዋ ጎርንኗል፣ «ለኮምቦልቻው ሰው እሺ ያልኩት እውነት አልነበረም። ሰውየው ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ያልነበርኩት። የሰጠሁዎትን ቃል ይመልሱልኝ።»

ሐጂ ወደ ሙንተሲር ዞሩ።

«ያ መጽሐፍ... ቀሪው አንተ ጋ ነው አሉ።»

«እኔ ጋ ነበር።»

«ከበረንዳው በስተጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። ለእናቷ ስታነብላት።» ሙስበሃቸውን መልሰው አነሱ። «ያቺ ልጅ አለፈች?»

ነሲባ አባቷን እንደ አዲስ አየቻቸው። ሙንተሲርም ሳይቸኩል፣ ትልቅ ጉዳይ እንደተጠየቀ ሰው መለሰላቸው።

«አለፈች ሐጂ። ልቧ ጸጥ ስላለ በሩ ተከፈተላት። ማዶ ስትደርስ ግን ለምን እንደመጣች ጠፋባት። የምትወደው ሰው ፊቷ ቆሞ ስሟን ሲጠራት እያየችው አለፈች።»

«ታዲያ ማለፉ ምን ረባት?»

«ደራሲው አይነግረንም። እዚያ ላይ ነው የሚያበቃው።»

አንድ ሠራተኛ ኬሻ ተሸክሞ መጥቶ የት ላድርገው ሲል ሐጂ ሳያዩት በእጃቸው ጠቆሙት። ከዚያ እንደ አሮጌ መኪና ቀስ ብለው ተነሱ።

«ለረዲ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ የምለምነውም እኔ ነኝ። እፍረቱ የእኔ ነው፤ እናንተ አትግቡበት።» ከዚያ ሙንተሲርን ትከሻውን ያዙት፤ ኮቱ ውስጥ የቀረው ሥጋ ጥቂት መሆኑን ጣታቸው አውቆት ይሆናል፣ ፊታቸው ላላ። «ሽማግሌ ላክ። ሳትዘገይ ላክ፣ መንገዱ ክፍት ሳለ።»

* * *

ከዙሁር ሶላት በኋላ መናኸሪያው ውስጥ የዋጃው ሚኒባስ ሰው እየሞላ ነበር። ሙንተሲር ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ነሲባ ውጭ ቆማለች። ደስታም ቢሆን ለመደሰት ያልደከመ ሰው ይፈልጋል።

«ከእናቴ ጋር አብረን እንመጣለን» አለ። «ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ያን ጊዜ ነሲባ ሳታስበው የመስኮቱን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ከፊቱ ያለው መንገድ፣ ኬላው፣ ከኬላው ወዲያ ያለው ባዶ ሜዳ፣ በአንድ ጊዜ ታያት። ዛሬ ክፍት ነው፤ ነገስ? እጇ ተንቀጠቀጠ።

«ስትደርስ ደውልልኝ» አለች። «ኬላውን ስታልፍ ደውል። ዋጃ ስትገባም ደውል። ማታም ደውል።»

ሙንተሲር የሚንቀጠቀጠውን እጇን አየ። «ምን ሆንሽ ነሲባ?»

«ፈራሁ» አለች፤ ይህን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳለችው ትዝ አላላትም። «በጣም ፈራሁ።»

ሚኒባሱ ሲነሳ ጠርዙን ለቀቀችና ጥቂት እርምጃ አብራው ሄደች። አቧራው ሸፍኖት እስኪጠፋ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። እሷም እንዲለቅቃት አልፈለገችም።